ክርክር፦ ጤነኛ ሰው የአልዛይመር የደም ምርመራ ያድርግ?

ሄኖክ (አወያይ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ለአልዛይመር የመጀመሪያውን የደም ምርመራ ፈቅዷል። ምርመራው ፒ-ታው217 እና አሚሎይድ የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች በደም ውስጥ ያላቸውን ምጣኔ ይለካል። ፈቃዱ 55 ዓመት ለሞላቸው፣ የመርሳት ምልክት ለታየባቸውና ስፔሻሊስት ለሚከታተላቸው ነው። የዛሬው ጥያቄ ከትዕግስት የመጣ ነው። ምንም ምልክት የሌለው ሰው፣ ቤተሰቡ ውስጥ በሽታው ስላለ ብቻ ይመርመር? ሐኪሙስ እሺ ይበለው? እንደተለመደው ስድብ የለም።

ትዕግስት (ቨርጂኒያ)፦
እናቴ መርሳት የጀመረችው 60 እንዳለፋት ነው። አሁን እኔን የምትጠራኝ "እትዬ" እያለች ነው። እኔ 48 ነኝ። የመኪና ቁልፍ በጠፋኝ ቁጥር "መጣብኝ" እላለሁ። አዲስ አበባ የጀመርኩት ቤት አለ፤ ልጨርሰው ወይስ ልሽጠው? ውክልና ለማን ልስጥ? ይህን ሁሉ በጭፍን ልወስን? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ እንዴ?

ጋሽ ተፈራ፦
መድኃኒቱ ከሌለስ፣ ልጄ? እኔ 71 ሞላኝ። ማሽኑ "ከአሥር ዓመት በኋላ ይመጣብሃል" ቢለኝ አሥሩንም ዓመት ታምሜ ልኖር ነው። አልፈልግም።

ዳዊት፦
ትዕግስት እህቴ፣ መብትሽ ነው። እኔ ላብራቶሪ ነው የምሠራው፤ ክርክሬ ከቁጥሩ ጋር ነው። ለፈቃዱ የቀረበው ጥናት የ499 ሰዎችን ደም ያየ ነው። ሁሉም የማስታወስ ወይም የማሰብ ችግር የታየባቸው ናቸው። ፖዘቲቭ ከወጣላቸው 91.7% የሚሆኑት በፔት ስካን ወይም በአከርካሪ ፈሳሽ ምርመራ አንጎላቸው ውስጥ የአሚሎይድ ክምችት እንዳለባቸው ተረጋግጧል። ኔጋቲቭ ከወጣላቸው ደግሞ 97.3% የሚሆኑት ነፃ ናቸው። በጣም ጥሩ ውጤት ነው፤ ግን የእነዚያ ሰዎች ውጤት ነው።

አንቺ ወዳለሽበት ዕድሜ ስንመጣ ስሌቱ ይገለበጣል። ለምሳሌ ያህል፣ 1,000 ጤነኞች አሉ እንበል፤ አሚሎይድ ያለባቸው 50ዎቹ ብቻ ናቸው። ምርመራው ከያንዳንዱ ወገን 90 በመቶውን በትክክል ይለያል እንበል። ከ50ዎቹ 45ቱን ያገኛል። አሚሎይድ ከሌለባቸው 950ዎቹ ግን 95ቱን በስህተት "አለባችሁ" ይላቸዋል። ፖዘቲቭ ከተባለው ሰው ከግማሽ በላዩ ምንም የለበትም ማለት ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰውም ፒ-ታው ከፍ ብሎ ሊታይበት ይችላል። ይህን ሁሉ ማን ቁጭ ብሎ ያስረዳሻል?

ሚኪ፦
ዳዊት፣ ስሌቱ ልክ ነው። ግን "ሰው ይደነግጣል" የሚለውን ወሬ እንተወው፤ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሪቪል የተባለው ጥናት ውጤት ወጥቷል። ወላጆቻቸው አልዛይመር የነበረባቸው 162 ጤነኞች ለአልዛይመር የመጋለጥ ዕድልን የሚያሳየውን የኤፒኦኢ ጂን ምርመራ አደረጉ። 111ዱ ውጤታቸው ተነገራቸው፣ 51ዱ አልተነገራቸውም። በአንድ ዓመት ውስጥ በጭንቀትም በድብርትም ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። እኛ አበሾች በሽታ መደበቅ እንወዳለን። "ለእሷ አትንገሯት" እያልን ስንት ሰው ሳይሰናበት ሄደ።

ሰብለ (ሜሪላንድ)፦
ሚኪ፣ እነዚያ ሰዎች አጠገባቸው አማካሪ ነበራቸው። ገና ከመጀመሪያው ጭንቀት የጠናባቸው ተለይተው ቀርተዋል። አሁን እኮ ምራቅ በፖስታ ልከህ ውጤቱ ስልክህ ላይ ነው የሚመጣው። የጂን ምርመራ ኩባንያው 23ኤንድሚ ይህን ጂን ለደንበኞች እንዲናገር በ2017 ተፈቀደለት፤ በ2025 ለኪሳራ ፍርድ ቤት ገባ። የሰው ሁሉ መረጃ ለማን ይሸጣል ተብሎ ስንት ግርግር ሆነ።

እኔ ነርሲንግ ሆም ነው የምሠራው። ቤተሰብ ሲጣላ የማየው ታማሚዋ በደህና ጊዜ ምንም ሳትጽፍ ስትቀር ነው። አንዱ ልጅ "ወደ አገር ቤት ትሂድ" ይላል፣ ሌላው "ቤቷ ይሸጥ" ይላል። ትዕግስትዬ፣ ውክልናውን በዚህ ሳምንት ጻፊው። ለዚያ ደም መስጠት አያስፈልግሽም።

ትዕግስት፦
ሰብልዬ፣ እሱን ተቀብያለሁ። ግን መድኃኒት የለም የምትሉት ነገር አልገባኝም። ሌካኔማብ አለ እኮ!

ዳዊት፦
አለ። በ1,795 ሰዎች ላይ ተሞክሮ፣ በ18 ወር ውስጥ የበሽታውን መባባስ በ27% አዘግይቷል። በነጥብ ሲታይ፣ 18 ነጥብ ባለው መለኪያ ላይ የ0.45 ልዩነት ነው። ወደ ኋላ አይመልስም። የተፈቀደውም በሽታው ለጀመራቸው ነው። ጤነኞች ላይ ለመሞከር የተጀመሩ ጥናቶች አሉ፤ ጥናት ግን ሕክምና አይደለም።

ጂኑ ደግሞ እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልገው። በዚያው ሙከራ መድኃኒቱን ከወሰዱት 12.6% የሚሆኑት ላይ የአንጎል እብጠት በኤምአርአይ ታይቷል። ኢ4 የሚባለውን፣ ለበሽታው የሚያጋልጠውን የኤፒኦኢ ዓይነት በሁለት ቅጂ በያዙት ላይ ግን ከሦስቱ አንዱ ገደማ ነው። አውሮፓ በ2025 ሲፈቅደው ሁለት ቅጂ ያላቸውን አስወጥቶ ነው። እናትሽ መድኃኒቱን ትጀምር ቢባል ኖሮ "ጂኗን እዩላት" ብዬ የምጮኸው እኔ ነበርኩ።

ሚኪ፦
የጤነኛና የታማሚ ድንበሩ ራሱ እኮ ተቀይሯል። በ2024 የአሜሪካው አልዛይመር ማኅበር ያሰባሰባቸው ባለሙያዎች በሽታው ከምልክት በፊት፣ በባዮማርከር (በደም ወይም በአንጎል ምስል በሚለካ ነገር) ብቻ ሊታወቅ ይችላል ብለዋል። ደም ግፊትም እኮ ሳያም ነው የሚታከመው!

ዳዊት፦
በዚያው ዓመት ሌላ ዓለም አቀፍ ቡድን "የለም፣ ምልክት የሌለው ሰው ለአደጋ የተጋለጠ እንጂ ታማሚ አይባልም" ብሎ ተቃውሟል። ደግሞስ አንተ የጠቀስካቸው ራሳቸው ምልክት የሌለውን ሰው ከጥናት ውጭ አትመርምሩ ነው ያሉት። ሰነዱን እስከ መጨረሻው አንብበው፣ ወንድሜ። ግፊት ደግሞ ክኒን አለው።

ኤልያስ፦
ስለ ገንዘቡም እናውራ። ጂና የሚባለው የ2008 ሕግ የጤና ኢንሹራንስና አሠሪ በጂንህ ምክንያት እንዳያገልሉህ ይከለክላል። የሕይወት፣ የአካል ጉዳትና የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ኢንሹራንስ ግን በዚህ ሕግ አይሸፈኑም። ፍሎሪዳ በ2020 እነዚህንም የሚከለክል የራሷን ሕግ አወጣች፤ ቨርጂኒያ ፍሎሪዳ አይደለችም። ጂና የሚጠብቀው ደግሞ የጂን መረጃን ነው፤ ፒ-ታው ፕሮቲን ነው። ፋይልሽ ላይ አንዴ ከተጻፈ ማጥፊያ የለውም። ኢንሹራንስ ካሰብሽ ከምርመራው በፊት ግዢ።

ጋሽ ተፈራ፦
ፈረንጅ ሲያስብልህ እንዲህ ነው።

ማህሌት (አዲስ አበባ)፦
ይቅርታ፣ እነዚህ ቁጥሮች የማን ናቸው? አንድ የኢ4 ቅጂ አደጋውን ሦስት እጥፍ ያደርጋል፣ ሁለት ቅጂ ከስምንት እጥፍ በላይ ያደርጋል የሚባለው በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ባላቸው ሰዎች ላይ ተለክቶ ነው። የናይጄሪያዋን ኢባዳንና የአሜሪካዋን ኢንዲያናፖሊስ ያነጻጸረውን ጥናት እዩ። ኢባዳን ያሉ ዮሩባዎች በአልዛይመር የሚያዙበት መጠን በዓመት 1.15% ነበር። ኢንዲያናፖሊስ ያሉ ጥቁር አሜሪካውያን ደግሞ 2.52%። ዮሩባዎቹ ላይ የኢ4 ተጽዕኖም ደካማ ነበር። ለትዕግስት የሚመጣላት ወረቀት ላይ ይህ ተጽፎ ይሆን?

እኔ የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን በ2024 እንዳለው፣ 14 የታወቁ ነገሮችን መቆጣጠር ቢቻል ከዓለም የመርሳት በሽታ እስከ 45 በመቶውን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል። ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ መስማት አለመቻል ከነሱ መሃል ናቸው። አባቴ መስማት ካቆሙ ቆዩ። ሰው ሁሉ "እርጅና ነው" ብሎ ተዋቸው። እኛ ስለ ፒ-ታው እንከራከራለን።

ሚኪ፦
ማህሌት፣ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ትዕግስት አደጋዋን ብታውቅ ግፊቷን የበለጠ አትከታተልም?

ሰብለ፦
እናቷን እያየች ያልተጠነቀቀች በወረቀት አትጠነቀቅም። ትዕግስትዬ፣ ታናሽ እህት የለሽም? ሁለት ቅጂ ቢገኝብሽ አንዱ ከእናትሽ፣ አንዱ ከአባትሽ ነው የመጣው። እሷም የመያዝ ዕድሏ ከፍ ይላል። ልጆችሽ ደግሞ ሁሉም ቢያንስ አንድ አንድ ይዘዋል። ጠይቀሻቸዋል?

ትዕግስት፦
ልጆቼ ገና ናቸው። እህቴ "ብታውቂም እንዳትነግሪኝ" ብላኛለች።

ሰብለ፦
ፊትሽን አይታ ታውቀዋለች።

ትዕግስት፦
አዎ፣ እኔ መደበቅ አልችልም። ስለዚህ የጂኑን ትቼዋለሁ፤ እሱ የእሷም ነው። የደሙን ግን አልተውም። ዳዊት የነገረኝን ስሌት ይዤ ሐኪሜ ዘንድ እሄዳለሁ። "ለአንቺ አልተፈቀደም" ካለችኝ ምክንያቱን ከእሷ አፍ ልስማ።

ዳዊት፦
እሺ። ከሄድሽ አይቀር ስለምትረሺው ነገርም ንገሪያት። ታይሮይድ፣ ቢ12 እና እንቅልፍ ማጣት ያስረሳሉ፤ እነሱ ይታከማሉ። ኩላሊትሽንም አብረሽ ታዪ።