ስልኬ 763፣ አፖቹ 1027 እና 1010፤ አራት ኪሎ ላይ የአየር ግፊቱ ስንት ነው?

መምህር ዘአራት ኪሎ
ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ አደባባይ አጠገብ የስልኬ ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያው) 763 ሄክቶፓስካል ያነባል። በዚያው ሰዓት አንዱ የአየር ሁኔታ አፕ 1027፣ ሌላው 1010 ይላል። ስልኩ ተበላሽቷል እንዳልል የሌላ ሰው ስልክም የሚያሳየው ተቀራራቢ ቁጥር ነው። ሐሳቤ ተማሪዎች ከመስቀል አደባባይ እስከ አራት ኪሎ ያለውን የከፍታ ልዩነት በግፊት እንዲለኩ ነው። የትኛውን ቁጥር ይያዙ?

ሜትሮ ቀበና
መምህር፣ ስልክዎ ደህና ነው። 763 የቆሙበት ቦታ ላይ በእርግጥ ያለው ግፊት ነው፤ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የሚጠበቀውም ይኸው ነው። አፖቹ የሚያሳዩት ግን በቦታው የተለካ ሳይሆን የተሰላ ቁጥር ነው። ከከተማው ሥር እስከ ባሕር ጠለል ያለው ዓለት ሁሉ ተነሥቶ ቦታውን አየር ቢሞላው፣ ታች ያለው ግፊት ስንት ይሆን ነበር? ስሌቱ የሚመልሰው ይህን ጥያቄ ነው። የሚሰላውም የጅቡቲንና የአዲስ አበባን ግፊት በአንድ ካርታ ላይ ለማነጻጸር ነው።

ሁለቱ አፖች እርስ በርስ ያልተስማሙት ያ የሌለ አየር ምን ያህል ይሞቃል በሚለው ግምት ነው። 1027 የአውሮፕላን ማረፊያ ዓይነት ስሌት ነው፤ ባሕር ጠለል ላይ 15 ዲግሪ ብሎ ስለሚነሣ የአየሩ ዓምድ አማካይ ሙቀት 7 ዲግሪ ገደማ ይሆንለታል። 1010 ደግሞ ከከተማው የዕለት ሙቀት ተነሥቶ ወደ ታች ሲወርድ እየጨመረ ስለሚሄድ አማካዩ 25 ገደማ ይደርሳል። ሞቃት አየር ቀላል ነው፤ የሚጨምረው ግፊትም ያንሳል። በእኛ ከፍታ የ10 ዲግሪ የግምት ልዩነት ውጤቱን በ9 ሄክቶፓስካል ገደማ ይቀይረዋል። ደጋ አገር ላይ የባሕር ጠለል ካርታን አጥብቆ ማመን የማያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው። ግፊቱ 700 ሄክቶፓስካል የሚሆንበትን ከፍታ የሚያሳየው ካርታ ይሻላል፤ ያ ደረጃ የሚያልፈው በእንጦጦ አናት ከፍታ አካባቢ ስለሆነ እውነተኛ አየር ውስጥ ነው።

ባለ ቴርሞሜትሩ
ተማሪዎቹ በቃል ከሚያምኑ ውሃ አፍልተው ይዩት። በ763 ሄክቶፓስካል ውሃ የሚፈላው በ92.2 ዲግሪ አካባቢ ነው። እውነተኛው ግፊት 1027 ቢሆን ኖሮ አራት ኪሎ ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ ትንሽ አልፎ ይፈላ ነበር። ክርክሩ እዚያው ያልቃል።

አሠራሩ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። መጀመሪያ ቴርሞሜትሩን በደቀቀ በረዶና በትንሽ ውሃ ቅልቅል ውስጥ ከትታችሁ 0 ማንበቡን አረጋግጡ፤ 0.4 ካነበበ ያንን ከኋላ ቀንሱ። ሲፈላ ጫፉ ውሃው ውስጥ አይግባ፤ ከውሃው 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ እንፋሎቱ ውስጥ ይሁን። የሚፈላ ውሃ፣ በተለይ ጨው ካለበት ወይም ከታች በኃይል ከተነደደ፣ ከእንፋሎቱ ይበልጥ ሊሞቅ ይችላል። ክዳኑ እንፋሎት የሚወጣበት ሰፊ ቀዳዳ ይኑረው፤ ከታፈነ ግፊቱ ይጨምርና ንባቡ ከፍ ይላል።

በዚህ ዘዴ ከፍታ ለመለካት ግን አትሞክሩ። የ0.1 ዲግሪ ስሕተት 2.8 ሄክቶፓስካል ነው፤ እሱም 30 ሜትር ያህል ከፍታ ማለት ነው።

መምህር ዘአራት ኪሎ
እግዜር ይስጥልኝ። ከፍታውን ሳሰላ መጽሐፉ «1 ሄክቶፓስካል 8.3 ሜትር» ይላል። ይህን ልጠቀም?

ሜትሮ ቀበና
አይ፣ እሱ ለባሕር ጠለል ነው። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ 1 ሄክቶፓስካል ለመቀነስ ወደ 11 ሜትር መውጣት ይጠይቃል። በ8.3 ካሰሉ መልሱ ሩብ ያህል ይጎድላል። 11 ያልኩት 17 ዲግሪ ገደማ ለሆነ ቀን ነው፤ 10 ዲግሪ ከጨመረ 3.5 በመቶ ጨምሩበት።

ትልቁ ወጥመድ ሰዓቱ ነው። በእኛ ኬክሮስ ግፊት ዝናብ ባይኖርም በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይወጣል፣ ሁለት ጊዜ ይወርዳል፤ ፀሐይ ከባቢ አየሩን ስለምታሞቅ ነው። ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ ከፍተኛው ላይ ይደርሳል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ይዘቅጣል። ልዩነቱ 3 ሄክቶፓስካል ያህል ነው። ስለዚህ ጠዋት መስቀል አደባባይ ለክቶ ከሰዓት በኋላ አራት ኪሎ የሚለካ ተማሪ 30 ሜትር የሌለ ዳገት ያገኛል።

መፍትሔው ሁለት ስልክ ነው። መጀመሪያ ሁለቱን ጎን ለጎን 5 ደቂቃ አስቀምጡና ልዩነታቸውን መዝግቡ፤ የስልክ ሴንሰር 1 ሄክቶፓስካል ያህል ሊያዛባ ይችላል፣ ያ ስሕተት ግን በአጭር ጊዜ ውስጥ ብዙም አይለዋወጥም። ከዚያ አንዱ ታች ይቅር፣ አንዱ ይውጣ፤ በተስማሙበት ደቂቃ ሁለቱም 10 ንባብ ወስደው አማካዩን ያውጡ። ስልኩ አንድ ብቻ ከሆነ ታች፣ ላይ፣ እንደገና ታች ይለካ። ለምሳሌ ታች 772.4፣ ላይ 763.2፣ በመልስ ታች 771.6 ቢመጣ፣ የታቹ አማካይ 772.0 ነው። ልዩነቱ 8.8፣ በ11 ሲባዛ 97 ሜትር ገደማ።

ስልኩ ፀሐይ ላይ አይቀመጥ። ውሃ የማያስገባ ስልክ ከሆነ ስክሪኑን ጨምቆ መያዝ ብቻ ንባቡን ከፍ ያደርገዋል፤ ጠረጴዛ ወይም ድንጋይ ላይ አስተኝተው ያንብቡ። በሚሄድ ታክሲ ውስጥ የተወሰደ ንባብ ካለ ይሰረዝ፤ በመስኮቱ የሚገባው ነፋስ ያናውጠዋል።

ባለ ቴርሞሜትሩ
አንድ ልጨምር፦ ንባቡን የምትወስዱበት አፕ ውስጥ «ወደ ባሕር ጠለል ቀይር» የሚል ምርጫ ካለ መጥፋቱን አስቀድማችሁ እዩ። በአንዱ ስልክ በርቶ በሌላው ከጠፋ ልዩነቱ 250 ሄክቶፓስካል ገደማ ይመጣል።