ለሚሰነጠቅ ጥቁር መረሬ አፈር የባለሙያ ምክር እፈልጋለሁ

በጅማ ዞን፣ በግልገል ጊቤ ሸለቆ የምናርሰው ማሳ አካባቢው በብዛት ከሚታወቅበት ቀይ፣ አሲዳማ አፈር የተለየ ጥቁር መረሬ ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ክረምት ሲገባ ግን ሸክላው ውኃ መጥጦ ስለሚያብጥና ስንጥቁ ስለሚደፈን ዝናቡ ወደ ታች ሳይሰርግ ማሳው ላይ ይተኛል። ሲቆፈር ነጫጭ የኖራ እንክብሎች ይወጣሉ፤ ኮምጣጤ ሲንጠባጠብባቸው አረፋ ያወጣሉ። የላቦራቶሪ ውጤቱም ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ) 8.4 ስለሚል፣ ማለትም አፈሩ አልካላይን ስለሆነ፣ አሲዳማ መሬት ላላቸው ጎረቤቶቻችን የሚመከረው ኖራ ለእኛ አይሆንም።

የቸገረኝ የበቆሎው ነገር ነው። ለጋ ቅጠሎቹ ጅማታቸው አረንጓዴ ሆኖ መካከሉ ይገረጣል። የናይትሮጅን እጥረት ቢሆን ኖሮ የታችኞቹ ቅጠሎች ይቀድሙ ነበር፤ ስለዚህ የብረት ወይም የዚንክ እጥረት እጠረጥራለሁ፤ ሆኖም የተኛው ውኃ ሥሩን አፍኖት ሊሆንም ይችላል። የንጥረ ነገር እጥረቱንና የውኃ መተኛቱን ጉዳት በምን ልለያቸው? ዚንክ ሰልፌት በቅጠል ላይ መርጨት ይሻላል ወይስ ከአፈሩ ጋር መቀላቀል? የተኛውን ውኃ ለማንጣፈፍ ሰፋፊ መደብና ቦይ ለማውጣት ወስኛለሁ። ጂፕሰም (ካልሲየም ሰልፌት) ግን የሚጠቅመው ሶዲየም የበዛበትን አፈር በመሆኑና ምርመራው ሶዲየምን ስላላካተተ፣ ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት የትኛውን ምርመራ፣ ከምን ያህል ጥልቀት በተወሰደ ናሙና እንዳሠራ ብትመክሩኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።