የጽዳት ሥራን ለኤጀንሲ የሰጠ ድርጅት የአካባቢ ኃላፊነቱንም አብሮ ሰጥቷልን?

የሕንፃ አስተዳዳሪ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በማስተዳድረው ሕንፃ በየፎቁ ለወረቀት፣ ለፕላስቲክና ለትርፍራፊ ምግብ ሦስት የተለያዩ ቅርጫቶች አስቀምጠናል፤ ይሁን እንጂ ጓሮ ወርጄ ስመለከት ሁሉም በአንድ ጆንያ ተቀላቅሎ አገኘዋለሁ። የጽዳት ሠራተኞቹ የኤጀንሲ ተቀጣሪዎች በመሆናቸው በቀጥታ ላዛቸው አልችልም። ስለዚህ ቆሻሻ መለየት በሥራ ውላቸው እንዲገባና ቀላቅሎ የተገኘ ከደመወዙ እንዲቆረጥበት ኤጀንሲውን ልጠይቅ አስቤአለሁ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ባለቁባት ከተማ፣ ይህ የበዛ ጥያቄ አይመስለኝም።

የጽዳት ተቆጣጣሪ፦ ቆሼን ማንሣትዎ ተገቢ ነው፤ ቅጣቱን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ጆንያው ለምን እንደሚቀላቀል በየዕለቱ አያለሁ። አንዲት ሠራተኛ አራት ፎቅ ብቻዋን ይዛ፣ ቢሮዎቹ ሳይከፈቱ ለመጨረስ ስትጣደፍ፣ የሚሰጣት ጆንያ አንድ ብቻ ነው። የወረቀቱን ቅርጫት ስታነሣ ከታቹ የቡና አተላ፣ ከላዩ ግማሽ ውኃ የቀረበት ሃይላንድ ታገኛለች፤ ያንን የጣለው ባለቢሮው እንጂ እሷ አይደለችም። በረኪናውም እንዲሁ ነው፤ መለኪያ ስለማይሰጣት ከጀሪካኑ በግምት ትቀዳለች፣ ሽታው ካልተሰማ ደግሞ «አልጸዳም» የሚል ወቀሳ ስለሚደርስባት አብዝታ ትጨምራለች፣ ትርፉም በፍሳሽ ቦዩ ይወርዳል። ከዚህ ሁሉ በኋላ ደመወዝ ይቆረጥ ማለት የሌላውን ጥፋት ከሁሉም ያነሰ በሚከፈላት ሰው ላይ መጫን ነው።

የሠራተኛ ጉዳይ ጠበቃ፦ ከሕጉ አንፃር ላክል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ እንደፈቀደው ከደመወዝ ሊቆርጥ አይችልም፤ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት መደገፍ አለበት፣ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ ከአንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። ቀድሞ የነበረው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 እንኳ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ቆሻሻ የማስለየት ግዴታ የጣለው ቆሻሻው በሚወጣበት ቤት ኃላፊ ላይ ነበር።

የሕንፃ አስተዳዳሪ፦ የደመወዙን ነገር ትቼዋለሁ። ነገር ግን ግዴታ ከሌለ ሠራተኞቹ ስለምን ይደክማሉ?

የጽዳት ተቆጣጣሪ፦ ግዴታውን በእርስዎና በኤጀንሲው መካከል ባለው ውል ውስጥ ያስገቡት፦ ለእያንዳንዱ ፎቅ ሦስት ጆንያ፣ ለበረኪናው መለኪያ፣ ለመለየቱም የተቆጠረ የሥራ ሰዓት ይኑር። በትንሹ ዋጋ ያሸነፈ ኤጀንሲ እነዚህን በነፃ ያቀርባል ብለው አይጠብቁ፤ ክፍያው ላይ ይታሰብ። የተለየው ሃይላንድና ወረቀት ለቁራሌው ሲሸጥ ገንዘቡ በስማቸው ተመዝግቦ ለሠራተኞቹ ይከፋፈል። ሌላው ደግሞ ሠራተኞቹ የለዩትን ሁሉ የቆሻሻ መኪናው አንድ ላይ ጭኖ ሲሄድ ካዩ በማግስቱ መለየታቸውን ይተዋሉ፤ ስለዚህ ተረካቢውን አስቀድመው ያግኙ።

የሕንፃ አስተዳዳሪ፦ በሁለት ፎቆች ለሁለት ወር እሞክረዋለሁ። ይህ ሁሉ ተሟልቶ እያለ የሚቀላቅል ቢገኝ ግን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ መስጠት ተገቢ ነው የሚለውን አቋሜን አልለቅም፤ ባለቢሮዎቹንም ጨምሮ።