ደም ከአጥንት ጋር የሚመደበው በምን ዝምድና ነው?

ጀማሪዋ ነርስ፦

ጤና ይስጥልኝ። የነርሲንግ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ከፋሲካ በኋላ የአናቶሚ ፈተና አለብን። አራቱን የእንስሳት ኅብረ ሕዋሳት፣ ማለትም ኤፒተልየም፣ አያያዥ፣ ጡንቻና ነርቭ የሚባሉትን፣ ከነሥራቸው በቃሌ ይዣቸዋለሁ። ነገር ግን አልገቡኝም። ደም፣ አጥንት፣ ስብና ጅማት አንድ ምድብ ውስጥ የገቡት በምን ምክንያት ነው? አንዱ ይፈስሳል፣ አንዱን ለመስበር መጥረቢያ ያስፈልጋል፣ አንዱ ምጣድ ላይ ይቀልጣል። መምህራችንን ብጠይቀው «ለፈተናው እንዲሁ ያዢው» ብሎኝ አለፈ። የመጽሐፉ ሥዕሎችም ለእኔ ሮዝና ሐምራዊ ነጠብጣብ ብቻ ናቸው። በሚገባ አነጋገር የሚያስረዳኝ ካለ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ሰነፍ ተማሪ ነበርኩ፦

እህቴ፣ አትጨነቂ። ኤፒተልየም ይሸፍናል፣ አያያዥ ያያይዛል፣ ጡንቻ ያንቀሳቅሳል፣ ነርቭ መልእክት ያደርሳል። ፈተናው ምርጫ ከሆነ ይህ ይበቃል። እኔ በዚህ አልፌአለሁ።

ጋሽ ቢላዋ፦

ወንድማችን በዚህ ማለፉን አልጠራጠርም፤ መርፌ ይዞ እኔ ዘንድ እንዳይመጣ ብቻ አደራ።

ልጄ፣ እኔ መምህር አይደለሁም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በቄራ የሥጋ መርማሪ ነበርኩ። ሥራዬ ከታረደው ከብት ጎን ቆሞ ጉበቱን፣ ሳንባውን፣ ልቡንና ዕጢዎቹን እየሰነጠቁ መመልከት፣ ደህናውን ማህተም መትቶ ማሳለፍ፣ የታመመውን ማስጣል ነበር። ስለዚህ የምነግርሽ በእጄ የዳሰስኩትን ነው።

የተቸገርሽው ነገሩን በመልኩና በጥንካሬው ልትመድቢው ስለሞከርሽ ነው። ፈሳሽ ነው ወይስ ደረቅ የሚለውን ተዪው። ጠይቂ ከተባልሽ የምትጠይቂው አንድ ነገር ነው፤ በሕዋሳቱ መካከል ያለው ምንድን ነው? በኤፒተልየም ሕዋሳት መካከል ምንም የለም ማለት ይቻላል፤ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ይቆማሉ። በአያያዥ ኅብረ ሕዋስ ግን ሕዋሳቱ ጥቂትና የተራራቁ ናቸው፤ ቦታውን የያዘው በመካከላቸው የሞላው ነገር ነው፤ የእያንዳንዱም ጠባይ የሚመጣው ከዚያ መሙያ ነው። መሙያው ኮላጅን የሚባል ጠንካራ የፕሮቲን ክርና በላዩ የተጋገረ የካልሲየምና የፎስፌት ጨው ከሆነ አጥንት አገኘሽ። ኮላጅኑ ያለ ጨው በአንድ አቅጣጫ ተጠቅጥቆ ከተሰለፈ ጅማት ነው። መሙያው ፕላዝማ፣ ማለትም ብዙው ውሃ የሆነ ፈሳሽ ከሆነ ደግሞ ደም ነው። የደም ሕዋሳት የሚፈጠሩት በአጥንት መቅን ውስጥ መሆኑን ስትጨምሪበት ዝምድናው በደንብ ይታይሻል።

ስብ ከዚህ ደንብ ትንሽ ያፈነግጣል። የበጉን ላት ብትመለከቺ፣ እያንዳንዱ ሕዋስ በአንድ ትልቅ የስብ ጠብታ ተወጥሮ ኒውክለሱ፣ ማለትም የሕዋሱ አስኳል፣ ወደ ዳር ተገፍቷል፤ በመካከል ያለው መሙያ ጥቂት ነው። ቢሆንም በፅንስ ጊዜ የሚወጣው ከዚያው ከአያያዦቹ ዘር ስለሆነ ከእነርሱ አይለይም።

አሁን፣ ለፋሲካ ቤታችሁ በግ የሚታረድ ከሆነ ገፋፊው አጠገብ ቁሚ። መጀመሪያ በቢላዋ ቆዳውን ይከፍታል፤ ከዚያ ቢላዋውን ያስቀምጥና ጭብጡን በቆዳውና በሥጋው መካከል እየገፋ ያስገባል። ያን ጊዜ ጎንበስ ብለሽ እጁ የሚያልፍበትን ስፍራ ተመልከቺ። ቆዳው ከሥጋው ሲላቀቅ ነጭ፣ እርጥብ፣ ስስ ድር ይወጠርና ይበጠሳል። ያ ድር ልል አያያዥ ኅብረ ሕዋስ ነው። ጥቂት የኮላጅንና ኢላስቲን የሚባል የሚለጠጥ ፕሮቲን ክሮች በየአቅጣጫው ተዘርግተው በመካከላቸው ዝልግልግ ፈሳሽ ይዘዋል። ቆዳሽ በክንድሽ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚንሸራተተው በእርሱ ምክንያት ነው፤ አንቺም ነገ ከቆዳ ሥር መርፌ ስትወጊ መድኃኒቱን የምታፈስሺው እዚያው ነው። ጀማሪ ገፋፊ በዚህ መንገድ አይሄድም፤ ቢላዋውን አብዝቶ ቆዳውን ይበሳል፤ የቆዳ ነጋዴውም ዋጋ ይጥልበታል። ስንት ጥሩ ቆዳ እንዲህ ሲበላሽ አይቻለሁ!

ቆዳው ራሱ ሁለት ነው። ላይኛው ስስ ንጣፍ ኤፒተልየም ነው፤ ከሥሩ ያለው ወፍራሙ ንጣፍ በየአቅጣጫው የተጠላለፈ ኮላጅን ነው። ፋቂው ጠጉሩንና ላይኛውን ንጣፍ ፍቆ ይጥልና ታችኛውን ያለፋል። የቆዳ ጫማ ካደረግሽ እግርሽን ያስገባሽው ኮላጅን ውስጥ ነው።

ወደ አንገቱ ሂጂ። ከማጅራቱ ጀርባ ለጀርባ የሚሄድ ቢጫ፣ ወፍራም ጅማት ታገኛለሽ። በሁለት እጅሽ ይዘሽ ሳቢው፤ ይለጠጣል፣ ስትለቂው ይመለሳል። ይህ አብዛኛው ኢላስቲን ነው። በግ ቀኑን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ሲግጥ ውሎ ጡንቻው የማይዝለው ጭንቅላቱን ይህ ጅማት ስለሚሸከምለት ነው። የእግሩን ነጭ ጅማት ደግሞ ሳቢው፤ ንቅንቅ አይልም፤ እርሱ ኮላጅን ነው። ሁለቱን አንድ ድስት ውስጥ ጨምረሽ ረጅም ሰዓት ብትቀቅያቸው ነጩ እየለሰለሰ ወደ ጄላቲን ይለወጣል፤ የቅልጥም መረቅ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው ከዚህ የተነሣ ነው። ቢጫው ግን እስከ ማግሥቱ ብታነጂበት ያው ነው። ሁለቱም አያያዥ ኅብረ ሕዋስ ናቸው፤ መሙያቸው ተለየ እንጂ።

ኤፒተልየምን በደንብ የምታይው ዱለት ሲዘጋጅ ነው። ሽንፍላውን አጥቦ ለማጥራት ሴቶቹ ለምን እንደሚማረሩ ታውቂያለሽ፤ ውስጡ በብዙ ቅጠል የተነባበረ ነው። የቅጠሎቹ ሽፋን ብዙ ድርብ ያለው፣ ላዩ የጠነከረ ኤፒተልየም ነው፤ ሻካራ ሣር ሲፈጭበት ስለሚኖር እንዲህ መሆን አለበት። አራተኛውን ጨጓራ ክፈቺው፤ ለስላሳና ዝልግልግ ነው። እዚያ ሽፋኑ አንድ ድርብ ብቻ ነው፤ አሲድና ንፍጥ ያመነጫል። ሥራው ሲለወጥ አሠራሩም ተለወጠ። በሁለቱም ግን ኤፒተልየሙ ውስጥ የደም ሥር አይገባም፤ የሚመገበው ከሥሩ ካለው አያያዥ ኅብረ ሕዋስ እየሰረገለት ነው።

ስለ ጡንቻ ሦስት ዓይነት እንዳለ ተምረሻል፤ የአጥንት፣ የልብና የውስጥ ዕቃ ልስልስ ጡንቻ። አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ ልጨምርልሽ። በሰው የምግብ ቧንቧ ላይኛው ክፍል ሽንትር፣ ማለትም በማይክሮስኮፕ የሚታይ አግድም መስመር፣ ያለው ጡንቻ ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ በልስልስ ጡንቻ ይተካል። በበግና በበሬ ግን ሽንትር ያለው ጡንቻ ቧንቧውን ከላይ እስከ ታች ይዞታል። የሚያመሰኳ እንስሳ የዋጠውን መልሶ ወደ አፉ ያወጣል እኮ! ሌላ የሚገርም ልንገርሽ፦ የበሬ ልብ ውስጥ አጥንት አለ። ትልቁ የደም ሥር ከልብ በሚወጣበት ሥር፣ የልብ በሮች የሚታሰሩበት አያያዥ ኅብረ ሕዋስ ጠንክሮ አጥንት ይሆናል። በቢላዋዬ ጫፍ ብዙ ጊዜ ነክቼዋለሁ።

ነርቭን በጭኑ ውስጥ ፈልጊው፤ ከዳሌ ወደ ታች የሚወርድ ነጭ፣ ጠፍጣፋ ገመድ ነው። አንጎሉን ደግሞ በጣትሽ ንኪው፤ ያን ያህል ለስላሳ የሆነው በሕዋሳቱ መካከል የሚያጠነክር የኮላጅን ክር እጅግ ጥቂት ስለሆነ ነው። የራስ ቅል የተሠራለትም ለዚህ ነው።

ሻኛ ወዳድ፦

ጋሼ፣ ከተነሣ አይቀር አንድ ክርክር ይፍቱልን። ሥጋ ቤት በተገናኘን ቁጥር አንደኛው ወዳጄ ሻኛ ስብ ነው ይላል፤ ሌላው ጡንቻ ነው ይላል። ማን ልክ ነው? ደግሞስ ገና የተቆረጠ ጥሬ ሥጋ ሰሃን ላይ የሚርገበገበው ነፍስ አልወጣችም ማለት ነው?

ጋሽ ቢላዋ፦

ሁለቱም ይክፈሉ! ሻኛ መሠረቱ የትከሻ ጡንቻ ነው፤ በጡንቻው ዘለላዎች መካከል ስብ ስለሚገባበት ነው እንዲህ የሚጣፍጠው። አንድ የአካል ክፍል አንድ ኅብረ ሕዋስ ብቻ አይሆንም። ሻኛን ብትቆርጠው ጡንቻ፣ ስብ፣ የኮላጅን ሽፋን፣ የደም ሥርና ነርቭ ሁሉንም ታገኛለህ።

የሚርገበገበው ነገር ነፍስን አይመለከትም። እንስሳው ከሞተ በኋላ የጡንቻው ሕዋሳት የነበራቸውን ኤቲፒ የሚባል የኃይል ስንቅ ለጥቂት ጊዜ ይጠቀማሉ፤ ቢላዋ ወይም ጨው ሲነካቸው ይኮማተራሉ። ስንቁ ሲያልቅ የጡንቻው ክሮች ተያይዘው መላቀቅ ያቅታቸዋል፤ ሥጋው ድርቅ የሚለው ያኔ ነው።

የላብራቶሪ ሰው፦

ጋሽ ቢላዋ የሚሉት በማይክሮስኮፕም ይሠራል። እኔ በፓቶሎጂ ክፍል ናሙና የማዘጋጅ ሰው ነኝ። ሥጋው በፎርማሊን ጠንክሮ፣ በሰም ተይዞ፣ ከ4 እስከ 5 ማይክሮሜትር በሚሆን ውፍረት ይቆረጣል። ከዚያ በሁለት ቀለም ይነከራል፤ ሂማቶክሲሊን ኒውክለሱን ሐምራዊ ያደርገዋል፤ ኢዮሲን የቀረውን ሮዝ። እንግዲህ እህታችን ያማረርሽበት ነጠብጣብ ይህ ነው። ሐምራዊዎቹ ነጠብጣቦች ተጠጋግተው ተሰልፈው፣ አንዱ ወገናቸው ባዶ ቦታ ላይ ከተከፈተ ኤፒተልየም ነው። ነጠብጣቦቹ ጥቂት ሆነው ሰፊ ሮዝ መካከል ከተበተኑ አያያዥ ነው። የአጥንት ጡንቻና ጅማት ሁለቱም ሮዝ ስለሆኑ ብዙ ተማሪ ይሳሳትባቸዋል፤ አጉልተሽ ሽንትሩን ፈልጊ፤ ጅማት ሽንትር የለውም።

ምደባው ለፈተና ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ የካንሰር ስም የሚወጣው በዚሁ ነው። ከኤፒተልየም የተነሣው ካርሲኖማ፣ ከአጥንት፣ ከስብ ወይም ከጡንቻ የተነሣው ሳርኮማ ይባላል። በአዋቂዎች ላይ እጅግ የሚበዛው ካርሲኖማ ነው። ሐኪሙ ሕክምናውን የሚያቅደው ይህን ይዞ ስለሆነ ናሙና ስትቀበሉ ስሙን በትክክል ጻፉ፤ ስም የሌለው ጠርሙስ ይደርሰናል።

ጀማሪዋ ነርስ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ በመካከል ምን አለ የሚለው ጥያቄዎ ሥዕሎቹን ከፈተልኝ። አንድ የቀረኝ አለ፤ ጉበት የየትኛው ወገን ነው? ዕጢ ነው ይላሉ፣ ሥጋ ይመስላል፣ ምንም አይሸፍንም። በጋችን ስለሚታረድ ለማየት ተዘጋጅቻለሁ።

ጋሽ ቢላዋ፦

ጉበት አብዛኛው ኤፒተልየም ነው፤ ኤፒተልየም መሸፈን ብቻ ሳይሆን ማመንጨትም ሥራው ነው፤ ጉበት ደግሞ ሐሞት ያመነጫል። ጤነኛ ጉበት በቢላዋ ሲነካ ያለ ድምፅ ይከፈታል፤ በውስጡ ያለው አያያዥ ኅብረ ሕዋስ ጥቂት ነው። የጉበት ትል የገባበት ግን ሌላ ነው። ትሉ የሐሞት ቧንቧዎቹን ሲያቆስል ሰውነት ቁስሉን በኮላጅን ይሞላዋል፤ ቧንቧው ይወፍራል፣ ይነጣል። በከብት ጊዜ ጨው ይጋገርበትና ቢላዋው ሲያልፍ አሸዋ እንደነካ ይጮኻል። በጠባሳው ስፍራ የሚሠራው ሕዋስ ጠፍቶ መሙያው ብቻ ቀርቷል። ወደፊት በሽተኛ አልጋ ላይ ሲሮሲስ የምትሉት ጠባሳም ከዚህ የራቀ አይደለም።

ስለዚህ ዱለቱ ከመከተፉ በፊት ጉበቱን ገልብጪውና በሆዱ በኩል ያሉትን ወፋፍራም ቧንቧዎች ሰንጥቂ። ቅጠል የሚመስል ጠፍጣፋ ትል ከወጣ ጉበቱ ይጣል። ሳንባውንና ጉበቱን ዳስሺ፤ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ካገኘሽ አትውጊው፣ በተለይም ለውሻ አትስጪው። ውሻው ከበላው ከረጢቱ ውስጥ ያለው ሌላ ዓይነት ትል በአንጀቱ ያድጋል፤ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ወደ ልጆች እጅ ይመለሳል። ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍረሽ አስቀብሪው ወይም አስቃጥዪው፤ እጅሽንም በሳሙና ታጠቢ።