አስቸኳይ! በታር ያሰርኩት ፎቶ አልፈታ አለኝ፣ ባለቤቱ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው

የጣና ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ እባካችሁ ቶሎ። ዓባይ ማዶ አንድ ማተሚያ ቤት ነኝ። ባለፎቶው ከኋላዬ ቆሞ ሰዓቱን እያየ ነው። ትናንት ማታ ቤት ሆኜ የጥምቀት ፎቶዎቹን በታር (ብዙ ፋይል አንድ ላይ በሚያስረው ፕሮግራም) አሰርኩና ወደ ፍላሽ ገለበጥኩት። አሁን እዚህ ኡቡንቱ (ሊኑክስ) ኮምፒውተር ላይ ስፈታው «ያልተጠበቀ የፋይል መጨረሻ» ብሎ ቀጥ ይላል። ሦስቴ ሞከርኩ። የዚህ ቤት ታር ተበላሽቷል መሰለኝ፣ እንደገና እንዴት ነው የሚጫነው? ስልኬ እንግሊዝኛ አልጽፍ ስላለኝ ትእዛዙን በአማርኛ ፊደል ነው የምጽፈው፣ እንዳትስቁ፦ ታር ሰረዝ ኤክስ ዜድ ኤፍ፣ ከዚያ የፋይሉ ስም።

ፈጣኑ፦ ዜዷን አውጣት። ታር ሲፈታ በምን እንደተጨመቀ ራሱ ይለያል። ኤክስ ኤፍ በቂ ነው።

የጣና ልጅ፦ አወጣኋት። ያው ነው።

ጋሽ ተርሚናል፦ ልጄ፣ መጀመሪያ የምትነካውን ዕቃ ዕወቅ። ታር የቴፕ ማህደር ማለት ነው፤ በ1979 ከዩኒክስ 7ኛ እትም ጋር የወጣ፣ ፋይሎችን ማግኔት ቴፕ ላይ ለመደርደር የተሠራ። ታር ማሰር እንጂ መጭመቅ አያውቅም። የሚጨምቀው ጂዚፕ ነው፣ ያቺ ዜድም «ጂዚፕን ጥራው» ማለት ናት። ኤፍ ደግሞ ሁሌም መጨረሻ ትሁን፣ ከኋላዋ የመጣውን ሁሉ የፋይል ስም አድርጋ ነው የምትይዘው። አንዱ ሲ ኤፍ ዜድ ብሎ ጽፎ «ዜድ» የሚባል ፋይል ተወለደለት፣ ሳምንት ሙሉ ይሄ ከየት መጣ ሲል ከረመ።

የጣና ልጅ፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ሰውዬው ቆሟል።

ፖሊ በር፦ ድሮስ ታር ምን አስፈለገ? ዚፕ ብታደርገው ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመጣም ነበር። ደግሞ ፎቶ ከካሜራው ሲወጣ ተጨምቆ ነው፣ ጂዚፕ ምን ሊቀንስለት ነው? የታለበ ላም ማለብ።

ፈጣኑ፦ ዜዷን አውጣት።

ነጭ ጀልባ፦ ወንድምዓለም፣ ታሩ ምንም አልሆነም፣ መጫኑን ተወው። ኤል ኤስ ሰረዝ ኤል በልና ፍላሹ ላይ ያለውን ፋይል መጠን እስከ መጨረሻዋ አኃዝ ጻፍልኝ። «4 ጂቢ ምናምን» እንዳትለኝ።

የጣና ልጅ፦ 4294967295

ነጭ ጀልባ፦ በቃ፣ ፍላሽህ ፎርማት የተደረገው ፋት 32 በሚባለው በድሮው የፋይል አደራደር ነው። እሱ ላይ አንድ ፋይል ከ4 ጂቢ አንድ ባይት ሲጎድለው ይቆማል፣ ቁጥሩም ይኸው የጻፍከው ነው። ፖሊ በር፣ ዚፕም ቢሆን እዚያችው ላይ ነበር የሚቆረጠው። ማታ ስትገለብጥ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» አላለህም?

የጣና ልጅ፦ የሆነ ነገር ብሎ ነበር። መብራት ሊሄድ ነው ብዬ ሳላነብ ነቀልኩት።

ዋርካ ሥር፦ መብራቱ ሳይሄድ ፎቶው ሄደ በላ።

ነጭ ጀልባ፦ ዋናው ላፕቶፕ የት አለ?

የጣና ልጅ፦ ወንድሜ ይዞት በጠዋቱ ጀልባ ዘጌ ተሻግሯል። ስልክም አያነሳ።

ነጭ ጀልባ፦ እንግዲያው ያለውን እናውጣ። ታር ከመጀመሪያው ጀምሮ በተርታ ነው የሚፈታው፣ የሚያማርረው የተቆረጠበት ሲደርስ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ወጥቷል እኮ! ስህተቱን አይተህ ደነገጥክ እንጂ ውስጡን አላየህም። ኮምፒውተሩ ላይ (ፍላሹ ላይ አይደለም) ባዶ ፎልደር ክፈትና ታር ሰረዝ ኤክስ ቪ ኤፍ፣ የፋይሉ ስም፣ ሰረዝ ትልቁ ሲ፣ የፎልደሩ ስም በል። ቪዋ የወጣውን እየዘረዘረች ታሳይሃለች። የመጨረሻዋን ፎቶ ግን አትመናት።

ጋሽ ተርሚናል፦ ታርን ምንም ሳትሰጠው እሰር ብትለው «ፈርቼ ነው፣ ባዶ ማህደር አልፈጥርም» ይላል። የምሬን ነው፣ መልእክቱ ላይ ፈሪነቱን ራሱ ይናገራል።

የጣና ልጅ፦ ወጣ!! 338 ፎቶ! የመጨረሻው ላይ ዲያቆኑ እስከ ወገቡ ይታያል፣ ከዚያ ወዲያ ግራጫ ነው። ሰውዬው ግን አጥብቆ የሚፈልገው ታቦቱ ሲመለስ የተነሣውን ነው፣ እሱ ደግሞ ወደ መጨረሻ ነበር መሰለኝ። እያየሁ ነው፣ መጣሁ።

ነጭ ጀልባ፦ ከሌለ ወንድምህን ጠብቅ። ሲመጣ ስፕሊት ሰረዝ ቢ 3ጂ ብላችሁ ቆራርጡት፣ እዚያ ደግሞ ቁርጥራጮቹን በካት አንድ ፋይል አድርገህ ትገጥማቸዋለህ። ወይም ፍላሹን ኤክስፋት (ያ የ4 ጂቢ ገደብ የሌለበት አደራደር) አድርገህ ፎርማት አድርገው፤ ፎርማት ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ነው የሚያጠፋው፣ መጀመሪያ ያለበትን አውጣ። ሳትነቅለው በፊት ደግሞ ታር ሰረዝ ቲ ኤፍ በለው። ሳያጉረመርም እስከ መጨረሻ ከዘረዘረልህ ሙሉ ነው።

ፖሊ በር፦ ታቦቱ ሲመለስ ያለው ተገኘ?

ዋርካ ሥር፦ ሦስት ቀን ሆነው እኮ። ሰውዬው አሁንም ቆሞ ይሆን?

ፈጣኑ፦ ዜዷን አወጣሃት?