የአይረን ኪኒኑ አልስማማኝ አለ፣ ምን ላድርግ?

እህቶቼ፣ እባካችሁ ምከሩኝ። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ሄሞግሎቢንሽ 8.4 ነው ተባልኩ። በእርግዝና ጊዜ ከ11 በታች ከሆነ ደም ማነስ ነው። ጤና ጣቢያ አይረንና ፎሊክ አሲድ ያለበትን ኪኒን ሰጡኝ። ሆዴ ግን አልቀበልም አለ። በባዶ ሆዴ ስወስደው ያስመልሰኛል። ከምግብ ጋር ስወስደው ደግሞ የሆድ ድርቀቱ አላስቀምጥ አለኝ። ሰገራዬ መጥቆሩ አላሳሰበኝም፣ የኪኒኑ ጠባይ ነው። ቡናና ሻይ አይረኑ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚያግዱ ከኪኒኑ ሰዓት አርቄ ነው የምጠጣው። የምውጠውም በብርቱካን ጭማቂ ነው። ያም ሆኖ ድጋሚ ስመረመር ቁጥሩ ፈቀቅ አላለም። ደረጃ ስወጣ ልቤ ድው ድው ይላል፣ የዓይኔ ቆብ ውስጡ ነጭ ሆኗል።

የሚያስፈራኝ ምጡ ነው። ደሜ እንዲህ አንሶ እያለ ብዙ ቢፈሰኝስ? ልጄም ያለ ጊዜው ወይም ክብደቱ አንሶ እንዳይወለድ እሰጋለሁ።

ኪኒኑን አንድ ቀን እየዘለሉ መውሰድ ይቀላል ሲሉ ሰማሁ። በዚህ ቁጥር ይበቃኛል? በደም ስር የሚሰጠውን አይረን የወሰዳችሁ፣ ከስንት ሳምንት በኋላ ለውጥ አያችሁ? አዋላጅ ነርስ ወይም ሐኪም የሆናችሁ ደግሞ፣ በቀጣዩ ቀጠሮዬ ምን ብዬ ልጠይቅ?