የአንጀት ላክቴት፦ ኮንትሮሉና ኦክስጅን የተነፈገው ለምን እኩል ይሆናሉ?

ፔዳ ላብ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ነን። የአይጥ ቀጭን አንጀት ገልብጠን፣ በ3 ሴንቲ ሜትር ቆርጠንና ጫፍና ጫፉን በክር አስረን፣ በ37 ዲግሪ ክሬብስ (ጨውና ባይካርቦኔት ያለበት ባፈር) ውስጥ 60 ደቂቃ እናቆየዋለን። አንዱ 95% ናይትሮጅንና 5% ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋበታል። ለኮንትሮሉ (ኦክስጅን ላልተነፈገው ማነጻጸሪያ) አየር የሚነፋ የዓሣ ገንዳ ፓምፕ ነው የምንጠቀመው። ላክቴታቸው (ህዋስ ኦክስጅን ሲያጥረው በብዛት የሚያመርተው) በጭራሽ አልለያይ አለን፤ የኮንትሮሉ ባፈር ደግሞ መጨረሻ ላይ ይደፈርሳል። የምንለካው በስትሪፕ ነው።

ሽምብጥ፦
ጥፋቱ የፓምፑ ነው። የተቆረጠ አንጀት ደም አይዞርበትም፤ ያለው ባፈሩ ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን ብቻ ነው። ባሕር ዳር በ1,800 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ወደ 610 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይወርዳል። ከዚያ ላይ የውሃ ተኑ 47 ይወስዳል፣ ከቀሪው 21% ስታሰሉት 118 ገደማ ነው። ባሕር ጠለል ላይ 150 ይሆን ነበር። ኮንትሮላችሁም ታፍኗል ማለት ነው! በ95% ኦክስጅንና 5% ካርቦን ዳይኦክሳይድ 535 አካባቢ ታገኛላችሁ።

ድፍርሱም ከዚያው የመጣ ነው። ፓምፑ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ጠርጎ ሲያወጣው ፒኤች ይጨምራል፣ ካልሲየሙ ከፎስፌቱ ጋር ይዘቅጣል። ፒኤች ሲጨምር ግላይኮሊሲስም (ህዋስ ስኳርን የሚሰብርበት ሂደት) ይፈጥናል፤ ኦክስጅን ባይጎድልም ላክቴት ይወጣል። ጋዙን ከቀየራችሁ በኋላ ባይካርቦኔቱን ከ25 ወደ 20 ሚሊሞላር አውርዱት፤ በእኛ ግፊት 5% ካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 ብቻ ስለሆነ በ25ቱ ፒኤች 7.57 ላይ ይቆማል። የጎደለውን ሶዲየም በጨው ሙሉት።

ዘንዘልማ፦
ስትሪፑንም ተዉት፤ ለደም የተሠራ ነው፣ ባፈር ላይ አይታመንም። ላክቴት ብቻውንም አይበቃ፣ ወደ ላክቴት የሚለወጠውን ፓይሩቬትም ለኩ። ሁለቱ አብረው ከጨመሩ ግላይኮሊሲስ ፈጥኗል፤ ላክቴት ወጥቶ ፓይሩቬት ባለበት ከቀረ ወይም ከወረደ ግን ኦክስጅን አጥሯል። ፓይሩቬት ቶሎ ስለሚበላሽ ናሙናውን ወዲያው በረዶ ላይ ባለ ፐርክሎሪክ አሲድ ውስጥ ጨምሩት። ለኤልዲኤች (ህዋስ ውስጥ ያለ ኢንዛይም) መለኪያ የሚሆነውን ግን አስቀድማችሁ ለዩ፣ አሲዱ ኢንዛይሙን ይገድለዋል። ኤልዲኤች እየፈሰሰ ከሆነ ህዋሱ እየሞተ ነው፤ የዚያን ቁርጥራጭ ቁጥር ጣሉት። አንጀቱንም ከመገልበጣችሁ በፊት በቀዝቃዛ ሳላይን በደንብ እጠቡ፣ ባክቴሪያውም ላክቴት ይሠራል።

ፔዳ ላብ፦
እናመሰግናለን። በባፈሩ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን ኤሌክትሮድ ስናስተካክል ግፊቱን ስንት እንበለው? ስልኩ 1,020 ሄክቶፓስካል ይላል።

ሽምብጥ፦
እሱ ወደ ባሕር ጠለል ተመልሶ የተሰላ ነው። ካስገባችሁት ንባባችሁ ሩብ ያህል ይጋነናል። እዚህ 815 አካባቢ ነው፤ ባሮሜትር ካለ እሱን እመኑ። ዜሮውን አዲስ በተበጠበጠ ሶዲየም ሰልፋይት ያዙ። ኤሌክትሮዱን ከአረፋው አርቁት፤ አረፋ ሜምብሬኑ ላይ ከተለጠፈ የምታነቡት የጋዙን እንጂ የባፈሩን አይደለም።